የእናቴ ማሞግራም፣ የ914 ዶላሩ ቢልና ሜዲኬር ለራጅ ሀኪሟ በትክክል የከፈለው

መጀመሪያ ነጥቤን ልስጥ። ለምርመራውና ለሰራተኞቹ 5 ኮከብ፣ ምስሉን ላነበበችው ዶክተር ከ5 በላይ ቢኖር እሰጣት ነበር፣ ለቢል ክፍላቸው ግን 1 ብቻ። ቦታው ሜሪላንድ ውስጥ ያለ የምስል ምርመራ ማዕከል ነው፣ ማሞግራም (የጡት ራጅ) አልትራሳውንድ ሲቲ ስካን ኤምአርአይ ምናምን የሚያነሱበት። ስሙን አልጽፍም፣ ሪሴፕሽን ላይ የሚሰሩት ልጆች የኛው ልጆች ናቸው እንጀራቸው ነው፣ ደግሞ እኛ ላይ የደረሰው ነገር የትም ሊደርስ የሚችል ነው። ረዘም ይላል፣ ግን እናቱን ወይ አባቱን አሜሪካ ያመጣ ሰው ቢል ከመክፈሉ በፊት ቢያነበው ደስ ይለኛል፣ እኔ ይሄን ለማወቅ አራት ወር ፈጅቶብኛል።

እናቴ 71 አመቷ ነው። ግሪን ካርድ ይዛ አምስት አመት ከኖረች በኋላ ነው ሜዲኬር የገባችው፣ ያው መንግስት በዋናነት ለሽማግሌዎች ያዘጋጀው የጤና ኢንሹራንስ፣ እዚህ ሀገር ሰርታ ስለማታውቅ በየወሩ እንከፍልላታለን፣ ፓርት ቢ ሚባለው የዶክተርና የምርመራው ክፍል በ2025 በወር 185 ዶላር ነበር። የሷ ሜዲኬር ኦሪጅናሉ ነው አድቫንቴጅ ሚባለው አይደለም፣ ልዩነቱን ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ።

ማርች ላይ ዋና ሀኪሟ በአመት አንዴ የሚደረገውን ማሞግራም አዘዘላት። ለዚህኛው ሙሉውን ሜዲኬር ነው የሚከፍለው፣ 40 አመትና ከዛ በላይ ለሆነች ሴት በየ12 ወሩ አንድ ጊዜ፣ ማዕከሉ ሜዲኬር ያወጣውን ዋጋ የሚቀበል እስከሆነ ድረስ ሰባራ ሳንቲም አትከፍሉም። እኔ ይሄን ስላላወቅኩ ስንት ይጠይቁን ይሆን እያልኩ አንድ አመት ሙሉ ሳዘገየው ነበር፣ አሁን ሳስበው በጣም ይቆጨኛል።

ዲኦድራንትም ሎሽንም ፓውደርም እንዳትቀባ ቀድመው ደውለው ነግረውን ነበር፣ ምስሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ስለሚታይ። ምስሉን የምታነሳው ቴክኖሎጂስት ጠና ያለች ሴት ናት። እናቴን ጋውን አስለበሰቻትና አንገቷ ላይ ያለውን ማተብ አየች፣ ይወልቃል ወይ ብላ በእጇ ጠየቀቻት። እናቴ ማተቧን አውልቃ አታውቅም፣ ፊቷ ሲለዋወጥ እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁ፣ ልናገር ስል ሴትዮዋ ምንም ሳትከራከር ክሩን ወደ ጀርባዋ አዞረችና መስቀሉን በወረቀት ፕላስተር ትከሻዋ ላይ ለጠፈችው። ሲያልቅም ራሷ ቀስ ብላ ላጠችላት። እናቴ ስለ አሜሪካ ሀኪም ቤት ሰው ሲጠይቃት እስካሁን መጀመሪያ የምታወራው ይሄንን ነው።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። "ተጨማሪ ምስል ያስፈልጋል" ይላል። ደብዳቤውን መኪና ውስጥ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ፣ ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት ጠፋኝ። ይሄ ደብዳቤ ለመጣላችሁ ሰዎች ሁሉ ልንገራችሁ፣ የማሞግራም ውጤት ከ0 እስከ 6 ቁጥር ይሰጠዋል፣ 0 ማለት ካንሰር አለ ማለት አይደለም፣ ባየነው ብቻ መናገር አልቻልንም ድጋሚ እንይ ማለት ነው። ውጤቱን ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ ጽፈው መላክ የፌዴራል ህግ ግዴታ ነው፣ ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ደግሞ የጡት ስጋው ጥቅጥቅ ያለ መሆን አለመሆኑንም መጻፍ አለባቸው፣ የእናቴ ደብዳቤ ላይም ነበር።

ለሁለተኛው ዙር አልትራሳውንዱ ያለበት ሌላ ቅርንጫፋቸው ነው የላኩን። አዲስ ቅርንጫፍ ስለሆነ እንደገና ካርድና መታወቂያ ተቀብለው ስም መዘገቡ፣ እዚህ ጋ የተሰራችው ትንሽ ስህተት ናት በኋላ ሁሉንም ነገር ያመጣችው፣ ያን ጊዜ ግን አላየኋትም።

ስለ አስተርጓሚው ማመስገን አለብኝ። ታብሌት ላይ በቪዲዮ የሚመጣ የአማርኛ አስተርጓሚ አላቸው በነጻ ነው፣ መጀመሪያ የመጣው ወንድ ነበር፣ ጨዋ ልጅ ነው "እማማ እንደምን ዋሉ" ብሎ ነው የጀመረው ግን እናቴ ጋውኗን ጠበቅ አድርጋ ይዛ መሬት መሬት ማየት ጀመረች። ነርሷ ቶሎ ገባት፣ ሴት ትፈልጋለሽ ወይ ብላ አስጠየቀቻትና ወዲያው ሴት አስመጡላት። ልጆች ሆይ እናታችሁን ራሳችሁ ለማስተርጎም አትሞክሩ፣ እኔ ሁሌ አስተረጉማለሁ ግን ያን ቀን ዶክተሯ "ሲስት" (ውሃ የቋጠረ ከረጢት ማለት ነው) ስትል እኔ የሰማሁት ከፍርሀቴ የተነሳ ሌላ ነገር ነበር።

ማሞግራሙን ተነሳች፣ ከዛ አልትራሳውንድ፣ ከዛ ምስሉን ያነበበችው ዶክተር ራሷ መጣች። ራጅ የሚያነቡ ሀኪሞች ብዙ ጊዜ አይታዩም፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ስክሪን ፊት ናቸው፣ እቺ ግን መጥታ ወንበር ስባ እናቴ ፊት ቁጭ አለች። ስክሪኑን ወደኛ አዞረችና ጥቁር ክብ ነገር በጣቷ እያሳየች "ይቺ ውሃ የቋጠረች ትንሽ ከረጢት ናት፣ ካንሰር አይደለችም፣ ምንም ማድረግ አያስፈልግዎትም፣ በአመቱ ይምጡ" አለች በአስተርጓሚዋ በኩል። እናቴ ተነስታ ጉልበቷን ልትስም ስትል ዶክተሯ ደንግጣ እጇን ያዘቻት። ከዛ ልንወጣ ስንል እናቴ ቆመችና "ፊልሙስ?" አለች። ለሷ ራጅ ማለት ከፍለሽ ተነስተሽ ትልቁን ፖስታ በብብትሽ ሸጉጠሽ ወደ ሀኪሙ ይዘሽ የምትሄጂው ነገር ነው፣ ባዶ እጅ መውጣት የተነፈገች ነው የመሰላት። በሲዲ ሰጧት፣ ሲዲውን ከአዲስ አበባ ካመጣቻቸው የጉልበቷ ፊልሞች ጋ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ 5 ኮከብ ነው።

ሜይ ላይ ቢል መጣ፣ 914 ዶላር።

ለምን ነጻ እንዳልሆነ መጀመሪያ ላስረዳ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚደናገረው። ያው ማሽን ያው ጡት ያው ክፍል ቢሆንም ሁለት የተለያየ ስም አለው። ምንም ምልክት ሳይኖር በአመት የሚደረገው "ስክሪኒንግ" ነው እሱ ነጻ ነው። አንድ ነገር ታይቶ ወይ እብጠት ተዳብሶ የሚደረገው ደግሞ "ዲያግኖስቲክ" ነው፣ እሱ ላይ ፓርት ቢ እንደማንኛውም ህክምና ነው ሚሰራው፣ መጀመሪያ የአመቱን ዲዳክቲብል፣ ማለትም ሜዲኬር መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣውን፣ እናንተ ትሞላላችሁ በ2025 257 ዶላር ነበር፣ ከዛ በኋላ ሜዲኬር ካጸደቀው ዋጋ ላይ እሱ 80 ፐርሰንት እናንተ 20 ፐርሰንት። እናቴ ለጉልበቷና ለአይኗ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ስትመላለስ ዲዳክቲብሉን ሞልታ ነበር፣ ስለዚህ የሚጠበቅብን 20ው ብቻ ነበር። የመጣው ግን ሙሉው ነው።

እናቴ የቢሉን ቁጥር አይታ "ለዚች ለውሃዋ ነው ይሄ ሁሉ?" አለች፣ ከዛ ዝም አለች፣ ማታ ላይ "ከእንግዲህ ምርመራ ሚባል አልሄድም እናንተን አላስቸግርም" አለችኝ። እኔን ያናደደኝ ገንዘቡ አይደለም ይሄ ነው። አንዲት ሴት ተመርምራ ደህና ነሽ ተብላ በቢል ምክንያት ሁለተኛ አልመረመርም ስትል፣ በሚቀጥለው አመት የሚመጣውን ማን ያይላታል?

ደወልኩ። ቢል ክፍሉ ማዕከሉ ውስጥ አይደለም ሌላ ስቴት ነው ያለው። ያነሳችው ልጅ "ሜዲኬር አልከፈለም" አለችኝ፣ ለምን ስላት "አልተቀበለውም" አለች፣ ለምን አልተቀበለውም ስላት እሱን አላይም አለችኝና በወር 76 ዶላር እያደረግሽ በ12 ወር ክፈዪ ብላ ፕላን አቀረበችልኝ። እሺ ልል ነበር፣ እውነቱን ነው የምናገረው የካርድ ቁጥሬን አውጥቼ ይዤ ነበር። ልጄ ስታለቅስ መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ሆስፒታል የምትሰራ እህታችን ጋ ነገሩን አወራሁ። "የሜዲኬሩን ወረቀት ሳታዪ እንዴት ትከፍያለሽ" አለችኝ። የትኛውን ወረቀት? ያ ሜዲኬር የሚልከውና ላዩ ላይ "ይህ ቢል አይደለም" ተብሎ የተጻፈበት፣ ቢል ካልሆነማ ብዬ ሳልከፍተው መሳቢያ ውስጥ ስወረውረው የነበረው። እሱ ነው ዋናው ወረቀት! የሜዲኬር ድረ ገጽ ላይ ለእናታችሁ አካውንት ከከፈታችሁላት ደግሞ ፖስታ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም፣ ክሌይሙ (ማዕከሉ ለሜዲኬር የሚልከው የክፍያ ጥያቄ) ታይቶ ካለቀ ብዙ ጊዜ በ24 ሰአት ውስጥ እዛ ላይ ይታያል።

ከፍቼ ሳይ የማርቹ ነጻ ማሞግራም አለ፣ የጉልበቷ ሀኪም አለ፣ የአይኗ አለ፣ የሁለተኛው ማሞግራምና የአልትራሳውንዱ ግን ጭራሽ የለም። ያኔ ነው የገባኝ፣ ሜዲኬር አልከፍልም ያለ ከሆነ "አልጸደቀም" ተብሎ ከነምክንያቱ ይጻፋል፣ ጭራሽ ከሌለ ግን ክሌይሙ በሷ ስም እሱ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ወደ 1-800-633-4227 ደወልኩ የሜዲኬር ስልክ ነው፣ አማርኛ አስተርጓሚ አስገቡልኝ፣ እናቴ ራሷ ስሟንና የልደት ቀኗን ተናግራ ለኔ ፈቃድ ሰጠች፣ ሰውዬውም በዛ ቀን በስሟ የገባ ምንም ነገር የለም አለን።

ስሙ ነበር። የአያቴ ስም ገብረሥላሴ ነው፣ ሜዲኬር ካርዱ ላይ አንድ ላይ ተያይዞ ነው የተጻፈው። ሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ የመዘገበችን ልጅ ገብረን ለብቻ ሥላሴን ለብቻ አድርጋ ጻፈችው፣ ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ነው የቤተሰብ ስም ብሎ የሚወስደው ስለዚህ እናቴ "ሥላሴ" ሆና ቀረች። ካርዱ ላይ ያለው 11 ቁጥርና ፊደል ትክክል ነው ስሙ ግን አልገጠመም፣ ክሌይሙ ተመለሰ፣ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ አንድም ሰው ለምን ብሎ ሳያይ ሙሉውን ወደኛ አዞሩት። ኃይለማርያም፣ ወልደጊዮርጊስ፣ ተክለሃይማኖት ሚባል ስም ያላችሁ ሁሉ ይሄን ልብ በሉ፣ ካርዱ ላይ ያለው አጻጻፍ ፊደል በፊደል ኮምፒውተሩ ላይ መኖሩን ስክሪኑን አዙረው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፣ ለመጠየቅ አትፈሩ።

ቢል ክፍሉን ሶስት ጊዜ ደወልኩ። በሶስተኛው ያነሳው ሰው ብቻ ነው የምለውን ያዳመጠኝ፣ አስተካክሎ ድጋሚ ላከው። ይሄንንም እወቁት፣ ሀኪሙ ወይ ማዕከሉ ክሌይሙን ለመላክ ከምርመራው ቀን ጀምሮ አንድ አመት አለው፣ የሜዲኬርን ዋጋ ለመቀበል የተስማማ ሆኖ በራሱ ጥፋት ቀኑ ካለፈበት ወደ በሽተኛው ማዞር አይችልም። እኔ በወር 76 እያልኩ ብጀምር ኖሮ ማንም መልሶ የሚፈትሸው አልነበረም።

ጁላይ ላይ ወረቀቱ መጣ። መስመር በመስመር አብሬያት አነበብኩት። ማዕከሉ የጠየቀው 914። ሜዲኬር ያጸደቀው 285። ሜዲኬር የከፈለው 223 ከ44 ሳንቲም። ቢበዛ ልትጠየቂ የምትችይው 57 ዶላር። አለቀ። ከ914 እስከ 285 ያለው 629 ዶላር የማንም እዳ አይደለም፣ ይሰረዛል፣ ማዕከሉ የሜዲኬርን ዋጋ ለመቀበል ስለተስማማ። ሂሳብ የምትወዱ ደግሞ የ285 ሰማንያ ፐርሰንት 228 ነው 223 ለምን ሆነ ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ነበር፣ ከ2013 ጀምሮ ኮንግረስ ባወጣው የበጀት ቅነሳ ሜዲኬር ለሀኪም ከሚከፍለው ላይ 2 ፐርሰንት ይቆረጣል፣ ኮቪድ ጊዜ ቆሞ ነበር ከዛ ተመለሰ። ያቺ 4 ዶላር ከ56 ሳንቲም ከሀኪሙ በኩል የምትጎድል ናት እንጂ ከእናንተ አትጠየቅም። የሚጠይቃችሁ ካለ ወረቀቱን አሳዩት።

አሁን ስለ ዶክተሯ ክፍያ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ቢሉ ሲመጣ እኔ የተናደድኩት በሷ ነበር። ለአስር ደቂቃ 914 ዶላር ብዬ ነበር። ጥፋቴ ነው፣ ስለዚህ ገብቼ አጠናሁት።

አንድ ራጅ ወይ አልትራሳውንድ ሁለት ክፍያ አለው። አንዱ የማሽኑ ነው፣ ለማሽኑ ለክፍሉ ለምታነሳው ቴክኖሎጂስት ለመብራቱ ሁሉ። ሁለተኛው የንባቡ ነው፣ ምስሉን አይቶ ሪፖርት ለሚጽፈው ሀኪም። እንደዚህ አይነት ማዕከል ላይ ሁለቱም በአንድ ቢል ነው የሚመጡት። ሆስፒታል ላይ ግን ይለያያሉ፣ በ2024 ዲሴምበር ላይ እናቴን ደረጃ ላይ አዳልጧት ወድቃ ድንገተኛ ክፍል ወስደናት ጭንቅላቷን ሲቲ ስካን አንስተዋት ነበር፣ ከዛ የሆስፒታሉ ወረቀት ለብቻ፣ ያያት የድንገተኛ ሀኪም ለብቻ፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ሰምተነው ከማናውቅ ድርጅት የ8 ዶላር ከ40 ሳንቲም ቢል መጣ። ማጭበርበር መስሎን ጣልነው። ለካ ሲቲውን ያነበበው ሀኪም ነው፣ የጠየቀው 236 ነበር ሜዲኬር ያጸደቀለት 42 ዶላር፣ የሷ 20 ፐርሰንት ያቺ 8 ከ40 ናት። አይታችሁት የማታውቁት ዶክተር ስም ያለበት ትንሽ ቢል ሲመጣ ከሜዲኬሩ ወረቀት ጋ ሳታመሳክሩ አትጣሉት፣ እኛ ከኮሌክሽን (ከእዳ ሰብሳቢ) ደብዳቤ ሊመጣልን ትንሽ ቀርቶን ነው የከፈልነው።

ዋጋውን ሀኪሙ አይደለም የሚያወጣው። ሜዲኬር ለእያንዳንዱ ስራ ነጥብ አለው፣ የሀኪሙ ድካም ስንት ነጥብ፣ የቢሮው ወጪ ስንት፣ ለህክምና ስህተት የሚገባው ኢንሹራንስ ስንት ብሎ ይደምራል፣ እንደየአካባቢው ኑሮ ውድነት ያስተካክለዋል፣ እኛ ያለንበት የዲሲ አካባቢ ውድ ከሚባሉት ነው፣ ከዛ የአንድ ነጥብ ዋጋ በዶላር ያባዛዋል። ይሄ አሰራር የጀመረው በ1992 ነው። በ1992 የአንድ ነጥብ ዋጋ 31 ዶላር ነበር። በ2025 ስንት ነበር? 32 ዶላር ከ35 ሳንቲም። በመሀል ወጣ ብሎ ነበር ግን ተመልሶ እዛው ነበር። በነዚህ 33 አመታት ውስጥ የቤት ኪራይ ስንት እጥፍ እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ለምሳሌ ሁለት አቅጣጫ የተነሳ የደረት ራጅ ለማንበብ ሀኪሙ የሚያገኘው ወደ 10 ዶላር ግድም ነው። አስር ዶላር! ዲሲ ላይ ሁለት ማኪያቶ ማለት ነው። ለዛች አስር ዶላር ሳንባ ላይ ያለች ትንሽ ነጥብ ካለፈችው የሚጠየቀው እሱ ነው። ከእናቴ 285 ውስጥም የዋጋ ዝርዝሩን በየኮዱ አውጥቼ ሳየው የንባቡ ድርሻ 100 ዶላር ግድም ነው የቀረው የማሽኑና የቤቱ ነው። ለማሞግራሙና ለአልትራሳውንዱ፣ ስክሪን ፊት ቁጭ ብላ፣ ከዛ ተነስታ መጥታ እናቴ ፊት ተቀምጣ ውሃ ናት ብላ ለማስረዳት። ወንበር ስባ የተቀመጠችበት ደቂቃ የሚከፈልበት የለም፣ ለብቻው ነጥብ የለውም። ይሄን ካወቅኩ በኋላ የምስጋና ካርድ ጽፈን ላክንላት፣ እናቴ በአማርኛ ጻፈች እኔ ስር ተረጎምኩት።

ሌላ ልጠቁማችሁ የምፈልገው ነገር ሜዲኬር በነጻ ያስቀመጠው የሀኪሞች ክፍያ መፈለጊያ ነው፣ ይሄ ራሱን የቻለ 4 ኮከብ እሰጠዋለሁ። የሀኪሙን ስም ታስገባላችሁ፣ ሙያው ላይ "ዲያግኖስቲክ ራዲዮሎጂ" ይላል፣ ከዛ በአንድ አመት ውስጥ የትኛውን ምርመራ ስንት ጊዜ እንደሰራ፣ ለስንት በሽተኛ፣ በአማካይ ስንት እንደጠየቀ፣ ሜዲኬር ስንት እንዳጸደቀና ስንት እንደከፈለ ይዘረዝራል። መግቢያ ቃል ምናምን አይጠይቅም። ይሄ መረጃ ለህዝብ እንዳይወጣ ሀኪሞች ከሰው ፍሎሪዳ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1979 አግዶት ነበር፣ እግዱ በ2013 ተነሳና ኤፕሪል 2014 ላይ የ2012ቱ ወጣ፣ ከ880 ሺህ በላይ ባለሙያና ድርጅት 77 ቢሊዮን ዶላር ክፍያ ነበረበት።

እኔ የገባሁት የእናቴ ዶክተር ምን ያህል ማሞግራም እንደምታነብ ለማየት ነው፣ አብዛኛው መስመሯ ማሞግራምና የጡት አልትራሳውንድ ሆኖ ሳገኘው ልቤ አረፈ፣ ስራዋ እሱ ነው። ግን ይሄን መፈለጊያ ስታዩ ተጠንቀቁ። መጀመሪያ ድምሩ ደሞዝ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ለሚሰሩበት ድርጅት ነው የሚገባው ከዛ ሰራተኛና ኢንሹራንስ ይከፈልበታል። ሁለተኛ ማሽኑ የራሳቸው የሆኑት ሀኪሞች ስም ላይ የማሽኑም ክፍያ አብሮ ስለሚቆጠር በጣም ትልቅ ቁጥር ሆኖ ይታያል፣ ሆስፒታል ውስጥ ሆኖ ንባብ ብቻ የሚሰራው ደግሞ ከሱ በላይ እየሰራ ትንሽ ይታያል፣ ሁለቱን አታወዳድሩ። ሶስተኛ ኦሪጅናል ሜዲኬር ብቻ ነው፣ አድቫንቴጅ ያላቸውንም የግል ኢንሹራንሱንም አይጨምርም፣ አስርና ከአስር በታች በሽተኛ ያለበት መስመርም ለሰዎቹ ሚስጥር ሲባል አይወጣም። እና መረጃው የሁለት አመት ያህል ወደኋላ ነው። ሰው ስም አስገብቶ ቁጥር አይቶ "ይሄ ሌባ" እንዳይል ብዬ ነው፣ ከላይ እንደነገርኳችሁ እኔም ብዬ ነበር።

አድቫንቴጅ ያላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው፣ ያው በየዝግጅቱ ጠረጴዛ ዘርግተው የሚያስመዘግቡት። ክፉ ነው አልልም፣ የጥርስና የመነጽር ይሰጣል ለአንዳንዱ ሰው ጥሩ ነው፣ ግን ያኛው በግል ኢንሹራንስ ኩባንያ በኩል ስለሆነ የነገርኳችሁ ወረቀት አይመጣላችሁም የኩባንያው የራሱ ማብራሪያ ነው የሚመጣው፣ ማዕከሉ ኔትወርካቸው ውስጥ (ኩባንያው ከተዋዋላቸው ቦታዎች አንዱ) መሆኑን ቀድማችሁ ማጣራት አለባችሁ፣ ለኤምአርአይና ለሲቲ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ገቢያቸው በጣም አነስተኛ የሆኑ ሽማግሌዎች ደግሞ ኪውኤምቢ ሚባለውን የስቴት እርዳታ ካገኙ ሀኪሙ ያንን 20 ፐርሰንትም ዲዳክቲብሉንም መጠየቅ በህግ አይፈቀድለትም፣ ቢል ከመጣላቸው ስህተት ነው። ለዚህ ሁሉ "ሺፕ" የሚባል በየስቴቱ ያለ ነጻ የሜዲኬር አማካሪ አለ፣ ምንም አይሸጥላችሁም፣ እኔን ያማከረችኝ ሴትዮ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ አንድ ሰአት አብራኝ ተቀመጠች።

ወደ ማዕከሉ ልመለስ። ለምርመራ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ እዛው እልካችኋለሁ፣ ንጹህ ነው፣ ቀጠሮ ያከብራሉ፣ ፓርኪንጉ ነጻ ነው፣ አስተርጓሚ ሳትጠይቁ ያመጣሉ። ቢል ክፍሉ ግን መስተካከል አለበት፣ የ71 አመት ሴት ቤት 914 ዶላር ከመላኩ በፊት አንድ ሰው ስሟን ከካርዷ ጋ ቢያስተያይ ሁለት ደቂቃ ነበር። ይሄን ለማናጀሯ በአካል ሄጄ ነግሬያታለሁ፣ ጻፈችው፣ ይቅርታም ጠይቃናለች፣ የምዝገባውን ነገር ሁለተኛው ቅርንጫፍ ላይ እንደምታስተካክል ቃል ገብታለች።

57ቱን ዶላር እናቴ ራሷ ከራሷ ከፈለችው፣ እኔ ልክፈል ብላት እምቢ አለች፣ "ደህና ነሽ ያለችኝ ልጅ ናት ይገባታል" አለች። ለሚቀጥለው ማርች ቀጠሮ ይዘናል፣ ያችኛዋ በፕላስተር መስቀሏን የለጠፈችላት ሴትዮ በምትሰራበት ቀን እንዲሆን ጠይቃ ነው ያስያዘችው። ስልክ ላይ ስትመዘግበኝ የነበረችውን ልጅም ገብረሥላሴን ፊደል በፊደል ሁለት ጊዜ አስነብቤያታለሁ፣ አንድ ቃል ነው፣ በመሀሉ ክፍተት የለም።